ሽንሽኑ ቱቦ ለምን ያፏጫል?

ጣና ዳር ባለ አሳ ቤት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ የጭስ መሳቢያው ቁልፍ ቁጥር አንድ ላይ ሲሆን ሰላም ነው። ያጉረመርማል እንጂ አያውክም። ሁለት ላይም እንዲሁ። ሦስት ላይ ሲደርስ ግን ከጣሪያው ሥር እንደ ዋሽንት የጠራ፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ ፉጨት ይነሳና አሳ ጠባሹና አስተናጋጁ መደማመጥ ያቅታቸዋል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀየረው ቬንትሌተሩ ነው። አዲሱም ያፏጫል። ቀጥሎ ቱቦው በስፖንጅ ይጠቀለላል፤ ፉጨቱ ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱም ወጪ ከንቱ የሚቀረው ድምፁ የሚወለደው ሞተሩ ላይ ስላልሆነ ነው። የሚወለደው በቱቦው ውስጥ፣ የሚያልፈው አየር ከሽንሽኖቹ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው።

ሽንሽን ቱቦ የምንለው ግድግዳው እንደ ሽንሽን ቀሚስ እየታጠፈ የተሠራውን ነው፤ ባለሙያው ባጭሩ «ፍሌክሲብል» ይለዋል። ከጭስ መሳቢያው እስከ ውጭ ግድግዳ የሚዘረጋው አልሙኒየም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ፕላስቲክ ኮንዲዩት፣ የቫኪዩም ክሊነር ጎማ፣ ጀነሬተር ከማርሚታው ጋር የሚያያዝበት አጭር የብረት አኮርዲዮን፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የታጠፉበት ምክንያት ጥሩ ነው፤ እንደልብ ይጎብጣሉ፣ ይሳባሉ፣ ሲጫኗቸው ቶሎ አይጨፈለቁም። ችግሩ ከውጭ የታጠፈው ከውስጥም መታጠፉ ነው።

ቦዩና አዙሪቱ

ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ በአግድም ሲነፉበት ይጮኻል። ሽንሽን ቱቦ ውስጥ እንዲህ ያሉ አፎች በመቶዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ እጥፋት ትንሽ ቦይ ነው። ነገሩን እንደ ወንዝ አድርገን፣ አየሩ የሚመጣበትን የቦዩን ጠርዝ የላይኛው ከንፈር፣ የሚሄድበትን የታችኛው ከንፈር እንበለው። በቱቦው መሃል ያለው አየር ይሮጣል፤ ቦዩ ውስጥ ያለው ቆሟል ማለት ይቻላል። የሚሮጠውና የቆመው የሚገናኙበት ስስ ድንበር አይረጋም፤ ከላይኛው ከንፈር ሲላቀቅ ይጠቀለልና አዙሪት ይሆናል። አዙሪቱ የቦዩን አፍ አቋርጦ የታችኛውን ከንፈር ይመታል፣ ከኋላው ሌላ ይነሳል፣ እሱም ይመታል።

ይህ ብቻውን ሹክሹክታ ነው። እያንዳንዱ ቦይ በራሱ ጊዜ ስለሚመታ ድምፁ ተበታትኖ የሹሹታ ዓይነት ሆኖ ይቀራል። የሚያስጮኸው ቱቦው ውስጥ ያለው የአየር ዓምድ ነው። ሰርግ ላይ ጭብጨባ ሲጀመር የተበታተነ ነው፤ ከበሮው ሲገባ ግን እጅ ሁሉ አንድ ላይ ያርፋል። በቱቦው ርዝመት ልክ ወደፊትና ወደኋላ የሚወዛወዘው አየር እንደ ከበሮው ነው። አዙሪቶቹ ትንሽ ድምፅ ያዋጣሉ፣ ዓምዱ ከድምፁ ለርዝመቱ የሚስማማውን መርጦ ያጎላል፣ የጎላው ውዝዋዜ ደግሞ ተመልሶ በየቦዩ አፍ ላይ አዙሪት የሚነሳበትን ቅጽበት ይወስናል። ያኔ መቶው ቦይ በአንድ ምት ይመታል።

ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች መገጣጠም አለባቸው። አንደኛው የአዙሪቱ ነው፤ በሴኮንድ ስንት አዙሪት እንደሚነሳ ለመገመት የአየሩን ፍጥነት በሜትር በሴኮንድ ይወስዱና ለቦዩ አፍ ስፋት (እሱም በሜትር) ያካፍላሉ፣ ከዚያ በ0.45 ያባዛሉ። የላይኛው ከንፈር ክብ ከሆነ የክቡ ራዲየስ ከስፋቱ ጋር ይደመራል። ማባዣው እንደ ሽንሽኑ ቅርጽና እንደ ቱቦው ስፋት ከ0.3 እስከ 0.6 ሊዋዥቅ ይችላል፤ ለወጥ ቤት ሥራ ግን መካከለኛው ይበቃል። ሁለተኛው የዓምዱ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ለሆነ ቱቦ የድምፅ ፍጥነት ለርዝመቱ እጥፍ ሲካፈል የመጀመሪያው ድምፅ ይገኛል፣ የቀሩት የእሱ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እጥፍ እያሉ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ሽንሽኑ ሌላ ተንኮል ይጨምራል። ቦዮቹ ውስጥ የተኛው አየር ድምፁን ወደኋላ ይጎትተዋል። የቦዮቹ ጠቅላላ መጠን የቱቦውን መሃል መጠን 15 በመቶ ያህል ከሆነ፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 346 ሜትር በሴኮንድ የነበረው የድምፅ ፍጥነት ወደ 323 ይወርዳል። እኩል ርዝመት ካለው ለስላሳ ቱቦ ሽንሽኑ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

በኮንዲዩት መሞከር

ለመሞከር 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሽንሽን ኮንዲዩት ይበቃል፤ ግንባታ ባለበት ቦታ ቁራጩ አይጠፋም። አንዱን ጫፍ ሳይደፍኑ ይያዙና ቱቦውን ከራስዎ በላይ ያሽከርክሩት። የሚሽከረከረው ጫፍ አየሩን ወደ ውጭ ይወረውራል፣ በእጅዎ በኩል አዲስ አየር ይገባል። ቀስ ሲል ዝም፤ ፈጠን ሲል አንድ ድምፅ፤ ይበልጥ ሲፈጥን ድምፁ ወደ ሌላ፣ ከፍ ወዳለ ይዘላል። በመካከል ያለ ድምፅ የለም። ይህ የእምቢልታ ጠባይ ነው፤ እምቢልታም ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ ስለሌለው የሚሰጠው ርዝመቱ የፈቀደለትን ድምፆች ብቻ ነው።

በቁጥር ሲታይ፣ በ323 ሜትር በሴኮንድ የዚህ ቱቦ ድምፆች 202፣ 404፣ 606፣ 808 ሄርዝ (በሴኮንድ የሚወዛወዙበት ጊዜ ብዛት) ገደማ ናቸው። የቦዩ አፍ ከከንፈሩ ክብ ጋር 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 404ን ለማስነሳት በቱቦው ውስጥ 2.7 ሜትር በሴኮንድ የሚሮጥ አየር ያስፈልጋል፤ ለ606 አራት ሜትር፤ ለ808 ደግሞ 5.4። በሴኮንድ አንድ ዙር ሲያዞሩት ጫፉ 5 ሜትር በሴኮንድ ይሄዳል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በግጭት ምክንያት ከዚያ ያንሳል።

ታዲያ የመጀመሪያው፣ 202 ሄርዝ ያለው ለምን አይሰማም? እሱን ለማስነሳት የሚያስፈልገው 1.35 ሜትር በሴኮንድ ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት በዚህ ጠባብ ቱቦ ውስጥ አየሩ ገና በእርጋታ፣ በንብርብር ይፈሳል፤ ድምፁን ለመቀስቀስ የሚያስፈልገው ብጥብጥ አልጀመረም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ በወደብ ከተማ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ብጥብጥ ለመጀመር ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ድምፅ እዚህ ይበልጥ ዝምተኛ ነው። የድምፆቹ ቁመት ግን በከፍታ አይለወጥም፤ የድምፅ ፍጥነት የሚያዳምጠው ሙቀትን እንጂ የአየሩን መሳሳት አይደለም። በ12 ዲግሪ ንጋት 339፣ በ25 ዲግሪ ቀትር 346፤ ልዩነቱ ጥሩ ጆሮ ካልሆነ የማይለየው ነው።

ቱቦው ውስጥ ትንሽ ውኃ አፍስሰው ቢደፉትና ደግመው ቢያሽከረክሩት ድምፁ ይዳከማል ወይም ይጠፋል። በቦዮቹ ውስጥ የቀረው ጠብታ አፋቸውን ያበላሸዋል። ይህንን ይያዙት፤ በኋላ ይመለሳል።

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መለየት

ቬንትሌተርም ይጮኻል። የእሱ ድምፅ የክንፎቹ ብዛት በሴኮንድ ከሚዞረው ዙር ጋር ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 6 ክንፍ ያለው በደቂቃ 1400 ጊዜ ሲዞር 140 ሄርዝ። ፍጥነቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ድምፁም እንደ መኪና ሞተር ሳይቆራረጥ እየተንሸራተተ ይወጣል። የሽንሽኑ ፉጨት አይንሸራተትም። ፍጥነቱ ቢጨምርም ለጊዜው ባለበት ይጸናል፣ ይበረታል፣ ከዚያ በድንገት ወደ ላይኛው ይዘላል። መንሸራተትና መዝለል፣ ዋናው መለያ ይህ ነው። የስልክ የድምፅ መለኪያ አፕ የሄርዙን ቁጥር ካሳየዎት ዝላዩን በዓይንም ያዩታል። ቬንትሌተርዎ ሦስት ቁልፍ ብቻ ካለው፣ በአየር መግቢያው ላይ ካርቶን ቀስ እያሉ በመጋረድ ፍሰቱን መቀነስ ይቻላል።

ከዚህም የሚያረጋግጥ ሙከራ አለ፤ ወጪውም ምንም ነው። አሮጌ የራጅ ፊልም ወይም ተመሳሳይ ለስላሳ ፕላስቲክ ጠቅልለው በቱቦው ጫፍ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስገቡ፤ ሲለቁት ራሱ ተዘርግቶ ከግድግዳው ጋር ይገጥማል፣ ሽንሽኑንም ይሸፍናል። ምድጃው ጠፍቶና ቀዝቅዞ ይሁን። ቬንትሌተሩን ሲያስነሱ ፉጨቱ ከጠፋ ወይም በግልጽ ከቀነሰ ጥፋቱ የሽንሽኑ ነው። ጫፉ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍት ጫፍ አጠገብ የአየሩ ውዝዋዜ ትልቁ ስለሆነ እዚያ ያሉ ቦዮች ከሌሎቹ አብልጠው ይሠራሉ። ከፍ ባሉት ድምፆች ጊዜ በቱቦው መሃልም ተመሳሳይ ቦታዎች ስለሚኖሩ፣ ጫፉን መሸፈን ብቻውን ሁልጊዜ አያጠፋውም።

ፉጨቱ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የመውጫውን አቅጣጫ ይመልከቱ። ቀን ላይ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው የሚነፍሰው ነፋስ ወደ ጣና የዞረን መውጫ ይገፋዋል፤ ፍሰቱ ይቀንሳል ወይም ይዋዥቃል፣ ድምፁም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። መውጫውን በክርን ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ማዞር ይህንን ያስተካክላል፣ ዝናብም እንዳይገባ ያደርጋል።

መፍትሔው ከውስጥ ነው

በሰዓት 600 ሜትር ኩብ የሚስብ መሳቢያ እንውሰድ። በ15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ አየሩ 9.4 ሜትር በሴኮንድ ይሄዳል። ገጣሚው በእጁ ያለው የ12.5 ቱቦ ነው ብሎ ካጠበበው 13.6 ይሆናል፤ በ10 ሳንቲ ሜትር ደግሞ 21። የቦዩ አፍ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፉጨቱ በቅደም ተከተል 700፣ 1000 እና 1600 ሄርዝ አካባቢ ይውላል። የሰው ጆሮ በጣም ንቁ የሚሆነው ከ2000 እስከ 5000 ሄርዝ ባለው ነው፤ ስለዚህ ቱቦው በጠበበ ቁጥር ጩኸቱ ከመበርታቱም በላይ ወደሚያስመርረው ቦታ ይጠጋል። በእኛ ግምት ከወጥ ቤት ፉጨት አብዛኛው ከዚህች አንዲት ማጥበብ ይመጣል። የመሳቢያው አፍ 15 ከሆነ እስከ ውጭ ድረስ 15 ይሁን።

ቀጥሎ ቀጥ ያለው መንገድ ሁሉ በለስላሳ ላሜራ ቱቦ ይሠራ፤ ፍሌክሲብሉ ለማያያዣ ብቻ፣ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይቅር። አጭር ሽንሽን ዓምዱን ለማስጮህ የሚበቃ ጉልበት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ስበው ይግጠሙት። ሦስት ሜትር የሚሆነውን ቱቦ ወደ አንድ ሜትር ጨቁኖ ማስገባት የተለመደ ስንፍና ነው፤ ሽንሽኑ ይጠልቃል፣ አየሩ ይታገታል። መጋጠሚያውን በፋሸታ ያጥብቁ፣ በአልሙኒየም ቴፕ ይዝጉ፤ የላላ ጠርዝም የራሱ ፉጨት አለው።

ቱቦውን ነቅሎ ገልብጦ መግጠም አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። የሚመስለው ቀልድ ነው፣ ግን ምክንያት አለው። የላይኛው ከንፈር ክብ ሲሆን ድምፁ በብዙ ይበረታል፣ ስለታም ሲሆን ይደክማል፤ የታችኛው ከንፈር ቅርጽ እምብዛም ለውጥ አያመጣም። በአንዳንድ ቱቦዎች ላይ የሽንሽኑ አንዱ ጎን ከሌላው ይበልጥ ስለሚከብ፣ ሲገለበጥ ስለታሙ ወደ አየሩ መምጫ ይዞራል። ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ ድካም ብቻ ነው።

በስፖንጅ መጠቅለል በግድግዳው በኩል የሚወጣውን ድምፅ ይቀንሳል፤ በአፉ የሚወጣውን አይነካም። ድምፅ የሚመጥ ነገር ከውስጥ ያለበት ማፈኛ ሳጥን ይሻላል። ነገር ግን ጭስና ቅባት በሚያልፍበት መስመር ላይ ስፖንጅም ሆነ ጥጥ ከውስጥ አይገባም፤ ዘይት ጠጥቶ ለእሳት ይዘጋጃል።

ስለ እሳት ካነሳን፣ ቀን ሙሉ አሳ የሚጠበስበት ወጥ ቤት ላይ ስስ አልሙኒየም ፍሌክሲብል ጭራሽ መግባት የለበትም። ፉጨቱ ከሁሉ ያነሰ ችግሩ ነው። ቅባት በየቦዩ ይጠራቀማል፤ ከላይ እንዳየነው የውኃ ጠብታ፣ ቅባቱ ቦዮቹን ሲሞላ ፉጨቱ እየደከመ ይሄዳል፣ ባለቤቱም «ተሻለው» ይላል። የተሻለው ቱቦ በነዳጅ የተሞላ ነው። ለንግድ ወጥ ቤት የአሜሪካ የእሳት መከላከያ መስፈርት የሚጠይቀው 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ብረት ወይም 1.2 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ ሆኖ፣ መጋጠሚያው ከውጭ ያለ ክፍተት የተበየደ ቱቦ ነው። ለስላሳ ስለሆነም አያፏጭም።

ድምፁ ብረት ሲሰብር

እስካሁን የጮኸው አየሩ ነው። ሽንሽኑ ከስስ ብረት ሲሠራ ግን እጥፋቶቹ ራሳቸው እንደ ስፕሪንግ ይወዛወዛሉ፤ የአዙሪቱ ምት ከእነሱ የራስ ምት ጋር ሲገጥም ብረቱ በሴኮንድ በመቶዎች ጊዜ እየታጠፈ ይደክማል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1968 ያለ ሰው ባመጠቀቻት አፖሎ 6 የሆነው ይህ ነበር። ወደ ሞተሩ ማቀጣጠያ ፈሳሽ ሃይድሮጅን የሚያደርሰው ቀጭን መስመር ላይ የነበረው ሽንሽን ክፍል ተበጠሰ፤ የሮኬቱ ሁለተኛ ደረጃ አንድ ሞተር ጠፋ፣ የሦስተኛው ደረጃ ሞተር ዳግም አልነሳም አለ። ምድር ላይ ሲሞከር ምንም አልሆነም ነበር። ሃይድሮጅኑ እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ በዙሪያው ያለው አየር ፈሳሽ እየሆነ በሽንሽኑ ላይ ይጠራቀምና ውዝዋዜውን ያፍን ነበር፤ አየር በሌለበት ጠፈር ያ አፋኝ የለም። መፍትሔውም ሽንሽኑን አስወግዶ በጠንካራ ቧንቧ መተካት ሆነ።

ከባሕር ወለል ባሕር ላይ ወደቆመ የጋዝ ማውጫ መድረክ የተፈጥሮ ጋዝ የሚያወጡት ተጣጣፊ መስመሮችም ከውስጥ በሽንሽን ስቴንለስ የተለበጡ ናቸው። በ100 ባር ግፊት የታመቀ ጋዝ በአንድ ሜትር ኩብ 80 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ የባሕር ዳር ከተማ አየር ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። ያው ውዝዋዜ በዚያ ጋዝ ውስጥ መቶ ጊዜ ያህል የበረታ ግፊት ይሰጣል፤ ከዋናው መስመር የወጡ ቀጫጭን ቧንቧዎች ብየዳቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። እዚያም ጥቂት ፈሳሽ ከጋዙ ጋር ሲመጣ መስመሩ ዝም ይላል።

በሆቴሎቻችን ግቢ የዚህ ዘመድ የሆነው የጀነሬተሩ ብረት አኮርዲዮን ነው። እሱን የሚሰብረው ግን በዋነኛነት የአየሩ አዙሪት አይደለም። በደቂቃ 1500 ዙር የሚሠራ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በሴኮንድ 50 ጊዜ፣ ባለ 6 ሲሊንደር 75 ጊዜ ይተኩሳል፤ በዚያ ላይ አገጣጠሙ ያባብሰዋል። ማርሚታው የራሱ ማንጠልጠያ ሳይኖረው ክብደቱን አኮርዲዮኑ ላይ ከጣለ፣ ወይም ያልተገጣጠሙ ሁለት ቧንቧዎች በእሱ ተጣመው ከተያያዙ፣ እጥፋቱ ከመነሻው ተወጥሯል። ሙቀቱም አለ፤ 4 ሜትር የብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ375 ዲግሪ ሲጨምር 18 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አኮርዲዮኑ በቀዝቃዛው ጊዜ ይህንን የሚቀበል ቦታ ካልተተወለት ይጨፈለቃል። አንዳንዱ ከውስጡ ጭሱ ሽንሽኑን እንዳይነካ የሚመራ ለስላሳ እጅጌ አለው፤ ከውጭ የተቀረጸው ቀስት ጭሱ የሚሄድበትን ያሳያል። ቀስቱ ተገልብጦ ከተገጠመ ጭሱ ከእጅጌው ጀርባ ይገባና ይበጠብጠዋል።

ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው አጠገብ ባለው የመጀመሪያ ወይም የመጨረሻ እጥፋት ላይ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በባትሪ ሲያዩት እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር የጥላሸት መስመር ካለ፣ እዚያ ጭስ እየወጣ ነው። ጀነሬተሩ በር ባለው ክፍል ውስጥ ከሆነ ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ አኮርዲዮኑ እስኪቀየር ሞተሩ አይነሳ። በብየዳ መድፈን አይያዝም፤ ስሱ ብረት በሙቀቱ ይደርቅና ከጥገናው አጠገብ ዳግም ይሰነጠቃል።